ደጅ ላደረ ሰው መድረስ፦ ባሕሪ ላለችው ልጄ

ልጄ፣

ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ በካርቱም አጠገብ ባለችው በባሕሪ ደጅ የሚያድሩትን ለመርዳት እንደተነሳችሁ ስትነግሪኝ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። «እትዬ፣ ከየት እንጀምር?» ላልሽው የማውቀውን እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ጎንደር ብቀመጥም ባሕሪ ከልቤ አልወጣም፤ ሰዓድ ጊሽራ ገበያ አጠገብ ቡና እያፈላሁ ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ዕለት ነበር። እኛ ለፋሲካ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን የረመዳን ጾማቸውን ሊፈቱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ሳለ ተኩሱ መጣ። ከዚያ ወዲያ ባለቤትና ተከራይ፣ አገሬውና ሐበሻው አብሮ ተበተነ። ዛሬ ግንብ ጥግ ተኝቶ የምታገኚው ሰው ትናንት ግቢ የነበረው፣ እንግዳ የሚቀበል አባወራ ሊሆን ይችላል። ይህን ይዘሽ ሂጂ።

ሰው ከወደቀበት የሚነሳው ደጋግሞ በሚመጣለት ሰው ነው። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

1. ያሉበት ድረስ ሂጂ።

ቢሮ ከፍታችሁ፣ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ እንዳትጠብቁ። ቀን የጣለው ሰው በር አያንኳኳም፤ ያፍራል፣ ወይም ፊት ይነሱኛል ብሎ ይፈራል። በረመዳን የባሕሪን ሰው አይተሻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፣ መንገድ ዳር ምንጣፍ ይነጠፋል። ጎልማሶቹ አስፋልቱ መሀል ቆመው መኪና ያስቆማሉ፤ ሹፌሩን ከነተሳፋሪው አውርደው ያስበላሉ። ክርስቲያን ነኝ ብለሽ ለማለፍ ብትሞክሪም አይለቁሽም። እኔ ከዚያ የተሻለ የእርዳታ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ ምግቡ ወደ መንገደኛው ይሄዳል እንጂ መንገደኛው ምግብ ፍለጋ አይዞርም።

የእኛዋን ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናንም አስቢ። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሲሄዱ ወሎ በረኃብ ተመትቶ፣ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወድቆ አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ ከሃያ በለጡ። ቤተሰባቸው እብደት ነው ብሎ ተቃወማቸው፣ እሳቸውም የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ሥራ አልተለዩም። መነሻቸው ዕቅድ አልነበረም፣ መንገድ ላይ ያዩትን አይቶ ማለፍ አለመቻል ነበር።

2. ሰላምታውን አታሳጥሪው፣ ታሪኩን ግን አትጠይቂው።

በሱዳን ሰላምታ ረጅም ነው፤ ለተቸገረ ሰው ደግሞ ያ ርዝመት ክብር ነው። ስምሽን ንገሪው፣ ስሙን ጠይቂው፣ በሚቀጥለው ቀን በስሙ ጥሪው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እዚያ አገር ሰው ሲገናኝ ቶሎ ብሎ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የጠፋበት ሰው ለዚህ ምን ብሎ ይመልሳል? አንቺ ስለ ጤናው፣ ስለ አዳሩ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቂው።

ከቡና ቤቴ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድር አንድ ወጣት ነበር። ሻይ በብርጭቆ ስልክለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጠጣና ብርጭቆውን በልብሱ ጠርጎ፣ ደፍቶ ደረጃው ላይ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንድ ማለዳ ራሱ ብርጭቆውን ይዞ መጥቶ ከሌሎቹ ጋር ባኞ ላይ አጠበው፣ ከዚያም ውኃ ልቅዳልሽ ወይ አለኝ። ከዚያ በፊት ያሳለፈውን አንዱንም አልጠየቅሁትም፤ የነገረኝ በራሱ ጊዜ ነው፣ ያውም ግማሹን።

ፎቶ ማንሳትን በሚመለከት ቁርጥ ያለ ቃል አለኝ፦ አታንሺ። ገንዘብ ሰጪዎች ቢለምኑሽም የድስቱን፣ የከረጢቱን፣ የደረሰኙን ላኪላቸው። ጎንበስ ብሎ ሳህን የሚቀበል ሰው ፊት በየስልኩ መዞር የለበትም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ብትጣዪ ከአንቺ ጋር ነኝ።

3. ድስቱን ጠብቂ።

በሱዳን በየሱፊው ሼኽ ደጅ ለመንገደኛና ለድኃ የሚበስልበት ማዕድ ተኪያ ይባል ነበር። በዚህ ጦርነት ጊዜ ያ ስም በየሰፈሩ ወጣቶች እጅ ገባ። ቀድሞውንም ልምዱ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጎርፍ ካርቱምን ሲያጥለቀልቅ «ነፊር» ብለው፣ እኛ ደቦ እንደምንለው ተሰባስበው ቤት ለቤት የዞሩት ወጣቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ፕሬዚዳንት አልበሽርን ያወረደው ሕዝባዊ ተቃውሞም በየሰፈሩ ኮሚቴ ትቶ ነበር። መንግሥት ሲጠፋ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ለቀው ሲወጡ፣ እነዚሁ ልጆች የአደጋ ጊዜ ክፍል ብለው በየቀበሌው ቆሙ። በሻምባት፣ በሐልፋያ፣ በሐጅ ዩሱፍ ሰው ከሞት የተረፈው በእነሱ ድስት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የስዊድኑ ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እንደተሰጣቸው ሲነገር እዚህ እልል ብያለሁ።

አሁን ከእነሱ ሥራ ምን እንደምትማሪ ልንገርሽ። የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጦርነቱ በጀመረ ዕለት ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ድስት ለመጣድ በመጀመሪያ ውኃ በአህያ ጋሪ ማስመጣት ግድ ነበር። ጋዝ ሲጠፋ እንጨት፣ እንጨት ሲጠፋ የተሰበረ አልጋ ይነድ ነበር። ባቄላው ማታ ካልተዘፈዘፈ ጠዋት አይበስልም፣ ምስር ግን ቶሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማገዶ ባነሰ ቀን ምስር ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት የሰፈሩ እናቶች ናቸው። አንቺና ጓደኞችሽ ዩኒቨርሲቲ ብትማሩም ድስቱን ለእናቶቹ ልቀቁ፤ እናንተ ውኃ ቅዱ፣ ተሸከሙ፣ መዝግቡ።

ወጣቶቹ ገንዘቡን ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር የሚቀበሉት፤ ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል፣ ነጋዴው በብድር የሰጠው ይከፈለዋል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ሲቋረጥ ገንዘቡም አብሮ ቆመና ብዙ ድስት ከእሳት ወረደ። ከዓመት በኋላ፣ በጥር 2017 ዓ.ም.፣ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ በመላው ሱዳን ከነበሩት የአደጋ ጊዜ ወጥ ቤቶች 80 ከመቶ ያህሉ እንደተዘጉ ተነገረ። ሠራዊቱ አብዛኛውን ባሕሪ መልሶ በያዘበት በዚያው ወር ማለት ነው። ሰው ከጥይት ተርፎ ደስ ሊለው ሲል ድስቱ ባዶ ሆነ። ዋሽንግተን በተጻፈ አንድ ወረቀት ባሕሪ ያለ ሕፃን ጦሙን ሲያድር ማሰብ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያቆስለዋል።

ስለዚህ በአንድ ኪስ አትደገፊ። የውጭ ገንዘብ ሲመጣ በምስጋና ተቀበዪ፣ መሠረትሽ ግን እንደ እድር ይሁን፦ ከየቤቱ በወር ትንሽ፣ የማይቀር። ገንዘብ የሌለው ጨው ያምጣ፣ ከሰል ያምጣ፣ ጉልበቱን ያምጣ። ሁልጊዜም ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ምስርና ዘይት ከገንዘቡ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ስልክ ቢጠፋ ምስሩ አይጠፋም።

ደግሞም ወረፋውን ራስሽ ቆመሽ እዪው። ዕቃ ይዞ የመጣ ይቀዳለታል፤ ሳህን እንኳ የሌለው ጎዳና ተዳዳሪ ዳር ቆሞ ሌላው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ እስከዚያ ድስቱ ያልቃል። ለእነሱ የሚሆን ሳህን ይኑራችሁ። መራመድ ለማይችል ሽማግሌ ደግሞ ያለበት ድረስ ይወሰድለት።

4. ስልክ አስደውዪ፣ ወረቀት አስጨርሺ።

ከጠገበ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚጠይቅሽ ስልክ ነው። ደጅ የሚያድር ሰው ፈላጊ የለውም ብለን እናስባለን፣ ግን ብዙ ጊዜ እናቱ ወይም ወንድሙ የሆነ ቦታ ሆነው እየፈለጉት ነው። ጦርነቱ ሲጀምር የባሕሪ ሰው በሰሜን ወደ ግብፅ፣ በምሥራቅ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል፤ በገላባት ተሻግሮ መተማ የደረሰም ብዙ ነው። እዚህ በእኛ አማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያ የሰፈሩትን ሱዳናውያን አስታውሺ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዘረፋው ሲበዛባቸው ከመጠለያው ወጥተው ጫካ ዳር ሜዳ ላይ የተኙ ነበሩ። ያን ጊዜ እንግዳ ተቀባይ መሆን የነበረብን እኛ ነበርን፤ ሱዳን እኛን በደርግ ዘመንና በትግራይ ጦርነት ጊዜ እንዳስጠጋችን ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ።

የሰውየውን ቁጥር ደውዪለት። ቁጥሩ ከጠፋበት የቀይ ጨረቃና የቀይ መስቀል ሰዎች የተጠፋፋ ቤተሰብ ያፈላልጋሉ፣ ወደ እነሱ ውሰጂው። ቤተሰቡ ከተገኘ ግማሹ ችግር የሚቀል ብዙ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። መታወቂያ የሌለው ሰው ሥራ አይቀጠርም፣ ቤት አይከራይም፣ ሐኪም ቤት ይጉላላል፣ ኬላ ላይ ይያዛል። ሱዳናዊው የዜግነት ቁጥሩን ማስወጣት አለበት፤ ለዚህ የሚመሰክርለት የሥጋ ዘመድ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ስልኩ ከወረቀቱ ይቀድማል። የእኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልቆበታል፣ ፓስፖርቱም በዘረፋው ሄዷል። ከሻ የሚሉትን አፈሳ ፈርቶ ቀን ቀን አይወጣም። ወደ አገሩ መመለስ ከፈለገ ከኤምባሲ ሊሴ ፓሴ ያስፈልገዋል፤ ስደተኛ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ስደተኞች ኮሚሽን ይሄዳል። ብቻውን አትላኪው። አብረሽው ሂጂ፣ ወረፋ ላይ አብረሽው ቁሚ። ቢሮ ውስጥ ለብቻው የገባን ልብሱ የቆሸሸ ሰው እና ከጎኑ ሰው ያለውን እኩል አያስተናግዱም፤ ይህ ያሳዝናል ግን እውነት ነው።

5. ልጆቹ ዘንድ ሰዓት አታዛንፊ።

ካርቱም ሸማሳ የሚላቸውን የጎዳና ልጆች ታውቂያቸዋለሽ፤ ማስቲሽ በጨርቅ ይዘው የሚስቡትን። ትልልቅ ሰዎች ብዙ ቃል ገብተውላቸው ቀርተዋል። ማክሰኞ አሥር ሰዓት እመጣለሁ ካልሽ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ተገኚ። ዝናብም ቢሆን፣ አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም። ማስቲሹን ካልጣልክ ምግብ የለም አትበዪ፤ ረኃብና ብርድ ያስረሳኛል ብሎ የያዘውን፣ ረኃቡና ብርዱ ሳይቀንስ አይለቀውም። መጀመሪያ ይመኑሽ።

የማይጎማን ነገር አትርሺ። ካርቱም ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት ሠራተኞቹ በተኩስ ምክንያት መግባት ሲያቅታቸው በደርዘን የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቱበት። የሞቱት በጥይት አልነበረም፤ በረኃብና በውኃ ጥም፣ ያቀፋቸው እጅ ስለቀረ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 300 የሚጠጉት ወጥተው ወደ ወድ መደኒ ተወሰዱ። ለዓለም ጩኸቱን ካሰሙት መካከል የሱዳን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

6. ሥራ ስትሰጪ ከሚያውቁት ጀምሪ።

ለሴት የስፌት ማሽን፣ ለወንድ የጸጉር መቁረጫ ብሎ ማደል የተለመደ ነው፣ ብዙው ተሽጦ ይበላል። ጠይቂያት፤ ምን ትሠራ ነበር? ባሕሪ ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ ሻይ ነው። ሻይ ለመሸጥ የሚያስፈልገው የከሰል ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ብርጭቆ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ፣ ጥቂት ዝቅ ያሉ በርጩማዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥላ ያለው ቦታ ነው። እኔ በዚህ ኖሬያለሁና ስሚኝ፦ ዕቃውን መግዛት ቀላል ነው፣ ቦታው ነው ከባዱ። ዛፉ ሥር የቆየችው ሴት፣ የሱቁ ባለቤት፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ ሁሉም ይጠየቃል። ከሻ መጥቶ ምድጃዋን ቢወስደው ደግሞ ካፒታሏ በአንድ ቀን ያልቃል።

ለዚህ ነው ማኅበር የሚያስፈልገው። አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የተባለችው ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅላ ካርቱም የገባች ሻይ ሻጭ ነበረች። የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባስባ፣ ዕቃቸው ሲወረስ ጠበቃ እንዲቆምላቸው ታግላለች። የማኅበሩ ንግድ ከስሮ በዕዳው እሷ ታስራለች፤ ተፈትታ እንደገና ሥራዋን ቀጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዓለም ዙሪያ ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝታለች። ያቺ ሴት ራሷ የተፈናቀለች እንደነበረች ልብ በዪ። ሴቶቹን ሦስት አራት አድርገሽ አገናኝተሽ እቁብ አስጀምሪያቸው፤ የአንዷ ምድጃ ቢወሰድ የሌሎቹ ያነሳታል።

7. አእምሮው የታመመውን አትፍሪው።

ብቻሽን ግን አትቅረቢው፣ በድንገትም አትንኪው። አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያ የተባለውን መርጃ ማዕከል ሲመሠርት ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን አንስቶ በማጠብና በማልበስ ነው የጀመረው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ይረዱበታል። ገላ ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ንጹሕ ልብስ ማልበስ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። መድኃኒት የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ውሰጂ፤ መድኃኒቱ በመሀል እንዳይቋረጥበት የሚከታተል አንድ ሰው መድቢለት።

8. የማንም ወገን አትሁኚ፣ ወሬም አታመላልሺ።

በዚህ ጦርነት ድስት በማማሰላቸው የታሰሩ፣ የተደበደቡ፣ የተገደሉም በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ሁለቱም ተዋጊ ወገን የሌላው ሰላይ ናችሁ ብሎ ጠርጥሯቸዋል። የተረጂዎችን ስም ዝርዝር በስልክሽ ይዘሽ አትዙሪ። ማን ከየት መጣ፣ ማን የማን ዘመድ ነው የሚለውን አፍሽ አይናገር። ሐበሻ ስለሆንሽ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቂ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ሳያውቁ ምንም አትጀምሪ።

9. ቤት ስትፈልጊለት አትቸኩዪ።

በየሰፈሩ ባዶ ቤት ታያለሽ፣ ባለቤቱ ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ነው። «ግባና እደር» ማለት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ሲመለስ ግን ያ ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ባለቤቱን በስልክ አግኝተሽ ፈቃዱን በምስክር ፊት ተቀበዪ። ብዙዎች፣ ቤቱን ጠርጎ የሚጠብቅላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ወደ ፍርስራሹም ልጆቹን አታስገቢ፤ ያልፈነዳ ቦምብ ያለበት ግቢ ገና ብዙ ነው። ክፍል የምትከራዩለት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሥራ እስኪይዝ ድረስ የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ። ለአንድ ወር አስገብቶ በሁለተኛው ወር መልሶ ጎዳና ላይ ማውጣት ከመጀመሪያው የከፋ ያደርገዋል፤ ያን የተሰበረ ልብ ለመጠገን ዓመት ይፈጃል።

10. ያገገመውን ወደ ድስቱ ጥሪው።

ትንሽ ሲበረታ ሥራ ስጪው። ባቄላውን ይልቀም፣ ጋሪውን ይግፋ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይያዝ። አንዳንድ ጓደኞችሽ ቁልፍ ይሰጠዋል ወይ ይሉሻል። ስጪው፤ ሂሳቡ በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈና ሁሉም ካየው የሚጠፋ ነገር አይኖርም፣ ቢጠፋም ከአንድ ከረጢት ምስር አይበልጥም። እምቢ የሚልም አለ፤ ሥራ ይዞ ሌላ ሰፈር ሄዶ እናንተን ዳግመኛ ማየት የማይፈልግ አለ። አትቀየሚው፣ ሂድ በዪው። አንቺ በሚቀጥለው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ ዘንድ መገኘትሽን ብቻ አትርሺ፤ ገንዘቡ ያጠረሽ እንደሆነም ጻፊልኝ፣ እዚህ ጎንደር ከባሕሪ የተመለስን ሴቶች ማኅበር አለን፣ ጥቂት እንልክልሻለን።